ወደ ጌጫ ያዛወርኳት ቤት

ሚዛን ተፈሪ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለመላው ዓለም፣ በተለይም በኮፐንሃገንና በአካባቢዋ ለምትኖሩ ወገኖች በሙሉ፦ የጎረቤታችን የአቶ ተካ አውራ ዶሮ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ የባለቤቱን ግቢ ለቆ በእኔ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ መስፈሩን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሽማግሌ ተልኮበታል፤ አልወርድም ብሏል። በቆሎ ተበትኖለታል፤ በልቶ ተመልሶ ወጥቷል። አቶ ተካም «ዶሮዬን አባብለህ ወሰድክብኝ» ብሎ አኩርፎኛል። የደረሰበትን እየተከታተልን እናሳውቃለን።

ሰላምታዬ ከዚህ ቀጥሎ ይድረስሽ፣ የወንድሜ የልጅ ልጅ ህሊናዬ። እንደምን ከርመሻል? ከዚያ ከብርዱ አገር ፈጣሪ ሙቀቱን አያሳጣሽ፣ የሥራሽንም ፍሬ ያሳይሽ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከእኔ በስተቀር ደህና ነው።

ስልክ ያልደወልኩት ስስት ይዞኝ አይደለም። ቴሌ ውስጥ አንድ ሰው ሲያወራ ሰልፍ የያዘው ሁሉ መልስ ይሰጣል። ባለፈው «ጉልበትዎን ቅቤ ያስነኩት» ስትይኝ ሳለቅስ ስመርቅሽ ቆይቼ፣ ለካ የተናገረው ከኋላዬ የቆመ ሰው ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። መሥሪያ ቤትሽ፣ «የድምፅ ድልድይ» የምትሉት፣ እዚህ ቢሮ ከፍቶ ታሪክ ነጋሪ ይፈልጋል ብለሽ ስሜን ሰጥተሽ ነበር። ሕዝቅያስ የሚባል ወጣት ሠራተኛችሁ አንገቱ ላይ ባጅ አንጠልጥሎ መጣ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ጫማው ግን ጭቃ ይፈራል። «አባባ፣ ሰው ደሙን እንዲመረመር፣ መድኃኒቱንም እንዲጀምር የሚያደርግ ታሪክ ይንገሩን፤ እኛ እናዳርሰዋለን» አለኝ። ቡና መልቀሚያው መጋዘን ውስጥ መዛኝ ሆኜ ስሠራ ለለቃሚዎቹ ሴቶች ዕድሜዬን ሙሉ እንዳወራሁ ታውቂያለሽ፤ ጡረታ ወጥቼም አፌን ጡረታ አላወጡትም። መቅረጫውን ፊቴ አስቀመጠ፤ ነገርኩት።

የአንዲት ሴት ታሪክ ነው። ራሷ መጥታ «ይንገሩልኝ አባባ፤ ሌላዋ እንደኔ አትዘግይ» ያለችኝን። ጌጫ የምትኖር ቅቤ ነጋዴ ናት። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከቴፒ ቡና ጭኖ ሲመለስ መታጠፊያው ላይ ክላክሱን ሁለት ጊዜ አጠር፣ አንዴ ረዘም አድርጎ ይነፋዋል፤ እሷም ድምፁን ስትሰማ ውኃ ትጥዳለች። ሰውየው ታሞ ሞተ። እሷ መመርመር ፈራች። ጤና ጣቢያው በር ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ቀን በሩ ላይ እንደቆመች ከመንገዱ ያ ክላክስ ተሰማ። መኪናውን አሁን የሚነዳው የቀድሞ ረዳቱ ነው፤ ከጌታው እንደለመደው ነው የነፋው። ሴትዮዋ «በል እንግዲህ፣ ገባሁልህ» ብላ ገባች። ዛሬ መድኃኒቷን እየዋጠች ልጇን ታሳድጋለች።

ሕዝቅያስ መቅረጫውን አጥፍቶ አፍንጫውን ጠረገ። «አለቀስክ?» አልኩት። «ጉንፋን ነው» አለኝ።

ለድካሜ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላኪልኝ፤ ሌላ አልፈልግም።

አያትሽ ወልደጻድቅ


ኮፐንሃገን፣ ኅዳር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአባባ ወልደጻድቅ፦

በሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን እስማለሁ፤ የሚያምዎትን በቀስታ። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። አቶ ተካና ዶሮው ታረቁ?

አባባ፣ ታሪኩ እዚህ ተተርጉሞ ሲነበብ አለቃችን እንባዋን መመለስ አቃታት። ፖስተር ይሆናል። በሬዲዮ በአማርኛ፣ በቤንችኛና በከፊኛ ይተላለፋል። ለሚመጣው ዓመት የምናሳትመው የቀን መቁጠሪያ ላይም ይወጣል። «ይህን የነገረን የኔ አያት ነው» ብዬ ለቢሮው ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ግን አስተካክዬልዎታለሁ። ቅጂውን እያዳመጥኩ ክላክሱ ጋ ስደርስ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም! ያ የጋሼ ናስር ክላክስ አይደል? ልጅ ሆኜ «ከረሜላ መጣ!» እያልኩ ስንት ጊዜ ሮጬበታለሁ። ታዲያ ሴትዮዋ ሚስቱ እትዬ ዙሌይካ ናት ማለት ነው። ጌጫ ምን ወሰዳት? ቅቤስ መቼ ሸጣ ታውቃለች? አባባ አረጁ ብዬ በሳቅ ሞትኩ። መሥሪያ ቤታችን ያልተረጋገጠ ታሪክ አያወጣም፤ ለጋሾቻችን እውነተኛ ሰው፣ እውነተኛ ቦታ ይፈልጋሉ። ስለዚህ «አማን ከተማ፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር ያላት ሱቅ» ብዬ አርሜዋለሁ። አይስጉ፣ ስሟን አልጻፍንም፤ «ወ/ሮ ዙ.» ብቻ ነው ያልነው።

ካልሲውን ወደዚያ በሚመጣ ባልደረባዬ እጅ ልኬዋለሁ። ግራጫ ነው።

ልጅዎ ህሊና


ሚዛን ተፈሪ፣ ጥር 23 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ህሊና፣ ለእውነት አራሚዋ፦

ሰላምታዬ በልኩ ይድረስሽ። ምርቃቱን ለጊዜው ይዤዋለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ነው። ፖስተርሽ ግን ከጥምቀት በፊት ደርሷል፤ እሱ በላንድክሩዘር ነው የመጣው። መናኸሪያው አጥር ላይ ለጥፈውታል፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፈውታል። አንዱን ደግሞ የት እንደለጠፉት ታውቂያለሽ? ከአረንጓዴው በር ፊት ለፊት፣ የመብራት እንጨቱ ላይ። ዙሌይካ ጠዋት ሱቋን ስትከፍት መጀመሪያ የምታየው ራሷን ነው። ሥዕል ሠርተውላታል፤ ሻርፗ እንኳ አልቀረም።

«ወ/ሮ ዙ.» ብቻ ነው ያልነው ትይኛለሽ! አማን መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር ያላት፣ ሹፌር ባሏ የሞተባት፣ በዙ የምትጀምር ስንት ሴት አለች ብለሽ ነው? ሰውን ልብሱን ገፎ ባርኔጣ መድፋት ማለት ይህ ነው።

ሾፌርና ረዳት ተሻምቶ ይበላው የነበረው ሳምቡሳዋ ትሪው ላይ ይውላል። የታሸገ ብስኩት እንኳ የሚገዛት ጠፋ፤ በሽታው በላስቲክ ውስጥ የሚገባ መስሏቸዋል። ልጇ ኢክላስ ክፍል ውስጥ አንዱ የአግዳሚው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፤ ሌሎቹ በሌላው ጫፍ ተጣብበዋል። መኪናችሁ ደግሞ ድምፅ ማጉያ አስሮ ክላክሱን እየነፋ ከተማውን ይዞራል፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። የሟች ባሏን ክላክስ፣ ልጄ! በደጇ!

ወደ ሱቋ ሄድኩ።

«ዙሌይካ» አልኳት።

«አቤት አባባ።»

«እኔ አይደለሁም።»

«እኔ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው» አለችኝ። በሩን ዘጋችብኝ፤ ያውም በቀስታ። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ሕዝቅያስ ቢሮ ገባሁ። «ልጄ፣ ጌጫን ማን አማን አደረገው?»

«አባባ፣ ታሪኩ ተረጋግጧል።»

«ማን አረጋገጠው?»

«ዋናው መሥሪያ ቤት።»

«ዋናው መሥሪያ ቤት የዙሌይካን በር ቀለም በምን አወቀ?»

«ከዚህ አገር የወጡ ባለሙያ አሉ፤ አካባቢውን በደንብ ያውቃሉ» አለኝ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ አንቺ እንደሆንሽ አወቅሁ።

አረጁ ብለሽ ሳቅሽ። እስቲ አስታውሺ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ መጋዘኑ ውስጥ ከማሚት ጎን ተቀምጠሽ፣ እሷ የተሰበረውን ቡና እየለቀመች፣ አንቺ ጣትሽን እየጠባሽ ስንት ታሪክ ሰማሽ? በሕይወት ስላለ ሰው ሲወራ ነጋሪው ቤቱን ያዛውራል። የአማኗ ጌጫ ትሄዳለች፣ የጌጫዋ ቱም ትገባለች፤ ባለሱቋ ቅቤ ትሸጣለች። ሰሚው ቤቱ እንደተዛወረ ያውቃል፤ ከየት እንደተዛወረ ግን አይጠይቅም፤ ነውር ነው። ያቺ ምላሷ እረፍት የማያውቅ ማሚት እንኳ ዙሌይካን ራሷን ገበያ ላይ ስታገኛት «ያቺ የጌጫዋ ሴትዮ እንዴት ናት? መድኃኒቱ ተስማማት?» ትላታለች። ዙሌይካም «ደህና ናት፣ ሰላም ብላሻለች» ትላታለች። አየሽ? የሚያውቅ ያውቃል፣ የሚጠይቅ ይጠይቃል፣ የሚያፍር ግን የለም። ያቺ ሴት በጌጫዋ ቤቷ በሰላም ትኖር ነበር። አንቺ ከኮፐንሃገን መጥተሽ ጣሪያውን ገፈፍሽባት።

የምፈልገው ይህ ነው፦ ፖስተሩ ይነሳ፣ ሬዲዮው ዝም ይበል፣ መኪናው ክላክሱን ይዋጥ። ካልሲውን ከዚህ ጋር መልሻለሁ። ቀኙን አንድ ቀን አድርጌዋለሁ፤ ግራው ግን አዲስ ነው።

ወልደጻድቅ


ኮፐንሃገን፣ መጋቢት 11 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ወልደጻድቅ፦

ጤናዎ እንደምን ነው? እኔ ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎን ለአለቃዬ አስረድቻለሁ። በደረሰው ቅሬታ አዝነዋል። ይሁንና ፖስተሩ ከወጣ ወዲህ በሚዛንና በአማን ለምርመራ የሚመጣው ሰው ቁጥር በጣም ጨምሯል። ይህ የእርስዎም ውጤት ነው። መገለልን የሚሰብረው መናገር ነው፤ ሁሉም ከተደበቀ ምን ይለወጣል? የቀን መቁጠሪያውም ታትሞ አልቋል። ስለዚህ ለወ/ሮ ዙሌይካ የፈቃድ መስጫ ወረቀት እንልካለን፤ ከፈረመች ጉዳዩ ሥርዓት ይይዛል።

አባባ፣ እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። «ጣሪያውን ገፈፍሽባት» ያሉኝ በጣም ጎድቶኛል። በግንቦት ለጋሾቻችን ሲመጡ በምናደርገው የእንግዶች ቀን ላይ ታሪኩን ራስዎ እንዲናገሩ ሕዝቅያስ ይጋብዝዎታል፤ እባክዎ እንዳይቀሩ።

ህሊና


ሚዛን ተፈሪ፣ ግንቦት 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለመላው ዓለም በድጋሚ፦ ዶሮው አልወረደም።

ሰላም ላንቺ ይሁን ህሊና። ጎዳኝ ስላልሽው ቃል፦ እንኳን ጎዳሽ። የማይጎዳሽ ቢሆን ኖሮ ወረቀትም አላባክንም ነበር።

የተመርማሪው ቁጥር ጨምሯል አልሽ። ጨምሯል፤ አልክድሽም። ታዲያ ብዙ ሰው ከዳነ አንዲት ሴት ብትከፍልበት ምናለበት ነው የምትይኝ? ታሪኩ ጌጫ እያለስ ሰው አልተመረመረም? ከመጋዘኑ ሴቶች ስንቶቹ ያቺን ክላክስ እያሰቡ በዚያ በር ገቡ! መናገር መገለልን ይሰብራል ትያለሽ። ልክ ነሽ፤ ተናጋሪዋ ራሷ ከሆነች። ዙሌይካ አደባባይ ወጥታ ስሟን ጠርታ ብትናገር ወንበሩን ተሸክሜ የማጅባት እኔ ነኝ። እናንተ ግን እሷ ሱቋ ውስጥ ስኳር እየመዘነች እናንተ ውጭ ሆናችሁ ተናገራችሁላት።

ወረቀታችሁም መጣ። ሕዝቅያስ ይዞት ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። በሩ አልተከፈተም፤ ከውስጥ ሆና አነጋገረችው።

«ይህን ብፈርም ፖስተሩ ይነሳል?»

«አይ እትዬ፣ ሲፈርሙማ እንዲቆይ ነው።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ያው… እስኪወሰን ይቆያል።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለኔ ምን ያደርግልኛል ወንድሜ?»

ልጁ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። በመንገድ ላይ «አባባ፣ እኔ እኮ የታዘዝኩትን ነው» አለኝ። «እሱማ አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው ላንተ ያልጮኽኩት» አልኩት።

ከዚያ የእንግዶቹ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል። እንግዶቹ ከፊት፣ ሹማምንቱ ከጎናቸው፣ የመጋዘኑ ሴቶች ከኋላ። «የአማኗ ሴት ታሪክ፣ በአባባ ወልደጻድቅ» ተብሎ ተጠራሁ። ኮቴን ቆልፌ ወጣሁ።

«ክቡራን እንግዶች፣ ይህ ታሪክ ሲታተም ስህተት ገብቶበታል» አልኩ። ሕዝቅያስ ያስተረጉማል፤ ላቡ ጀምሮታል። «አማን የሚለው ስህተት ነው። አረንጓዴ በር የሚለውም ስህተት ነው። ቤቱ እዚሁ ሚዛን ነው፤ ጣሪያው ላይ ዶሮ የሰፈረበት ቤት። ጤና ጣቢያው በር ድረስ እየሄድኩ የተመለስኩት እኔ ነኝ። መድኃኒቱንም የምውጠው እኔ ነኝ።»

ከኋላ ማሚት «ኧረ አባባ! በዚህ ዕድሜዎ?» ብላ ጮኸች።

«ምን ላድርግ ማሚት፣ ቁንጅና ጣጣ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እንግዶቹም ሳይተረጎምላቸው ሳቁ። ያልሳቁም ግን ነበሩ፤ አየኋቸው። ስወርድ ሕዝቅያስ ጆሮዬ ሥር «አባባ፣ ማረጋገጫ አለዎት?» አለኝ። «ዋናው መሥሪያ ቤት ያርመው» አልኩት።

በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ፊቱ ደርድሮ «ምላጭ አልቋል» አለኝ። ሁልጊዜ የምቀመጥባት ሻይ ቤት ብርጭቆዬ ተለየ፤ እጀታው የተሰበረው ተሰጠኝ። አቶ ተካ ደግሞ ዶሮውን መጠየቁን ተወ። «እዚያው ይኑርልህ» አለኝ ከአጥሩ ማዶ። በዕድሜዬ መጨረሻ ላይ ሆኜ፣ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሲከት ማየት ምን እንደሆነ ተማርኩ። ዙሌይካ ግን በሱቅና በልጅ መሐል ሆና ነው የተማረችው። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ቢርቁኝ እተኛለሁ።

በሽታው አለብኝ የለብኝም ለማንም አልነገርኩም፤ ለአንቺም አልነግርሽም። አንድ ነገር ግን ሆኗል፦ መናኸሪያው ውስጥ «እንግዲያ ዙ. የተባለችው ማናት?» እየተባለ ነው። ትናንት ሁለት ሾፌሮች ሳምቡሳ ሲበሉ አይቻለሁ።

ቤት ማዛወር እንዲህ ነው። አሁን ፖስተሩን አንሱ።

ወልደጻድቅ


ኮፐንሃገን፣ ሰኔ 17 ቀን 2000 ዓ.ም.

አባባዬ፣

ሰላምታ ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አነበብኩት፤ ከመውረጃዬ አልፌ ሄድኩ።

መጋዘኑ ውስጥ ከማሚት ጎን መቀመጤ ትዝ አለኝ። የጌጫዋ ሴት፣ የቱሟ ሴት፣ የማጂው ሰውዬ… ሁሉም ሩቅ ያሉ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር። ለካ አብረውን ቡና ይለቅሙ ነበር። ልጅ ሆኜ ያልጠየቅሁትን፣ ትልቅ ሆኜ ደመወዝ እየተከፈለኝ ጠየቅሁ።

አለቃዬ ጋ ገብቼ ተጣላሁ። ፖስተሩ እንዲነሳ፣ ሬዲዮውም እንዲቆም ታዟል። የቀን መቁጠሪያው ግን ተልኮ አልቋል፤ እዚህ አገር የማላውቃቸው ሰዎች ኩሽና ውስጥ እትዬ ዙሌይካ ተሰቅላለች። እሱን ማውረድ አልቻልኩም። ነጋሪው ያዛወረውን ማንም እንዳይመልስ ደንብ ይውጣ ብዬ ነበር፤ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቁሟል። እየሳቁብኝ እንደሆነ ይታየኛል፤ ይሳቁ።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እትዬ ዙሌይካ ይቅር ብላናለች?

ህሊናዎ


ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለመላው ዓለም፣ በተለይም ለኮሚቴው አባላት፦ ዶሮው መውረዱን በታላቅ ደስታ አበስራለሁ። ፖስተሩ በተነሳበት ዕለት፣ ማንም ሳይለምነው፣ ዘሎ ወረደ። አቶ ተካ መጥቶ አቅፎ ወሰደው፤ ከመሄዱም በፊት እጄን ጨበጠኝ፤ ሳይቸኩል።

የያዝኩትን ምርቃት አሁን እንኪ፦ ፈጣሪ አፍሽን ከእጅሽ ጋር ያስማማልሽ፣ ለተጣላሻት አለቃም ልብ ይስጣት።

ፖስተሩን ሕዝቅያስ ራሱ ነው የላጠው። ጫማውን አውልቆ፣ ጭቃው ውስጥ ቆሞ። የመብራት እንጨቱ ላይ ሙጫው ቀርቷል፤ ዝናቡ ያጥበዋል። የሰው አፍ ላይ የቀረውን ግን የሚያጥብ ዝናብ አላውቅም። አሁንም ብስኩቱን በጨርቅ ይዞ የሚቀበላት አለ። ንዴቴ አልወጣልኝም ህሊና፤ እንዲወጣልኝም አልፈልግም። በየአገሩ ሰውን ለመርዳት ብላችሁ ታሪኩን ስትወስዱ ባለቤቱን ደጅ ላይ አትርሱት። ኮሚቴሽ ይህን በሰሌዳው ላይ ይጻፍልኝ።

ስለ ዙሌይካ ጠየቅሽኝ። ባለፈው ዓርብ ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፤ ኢክላስ ወንበር አወጣች፣ ሻይ ቀረበ፣ በቅርንፉድ። ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። «ልጅ ናት፤ ከረሜላውን ነው ያስታወሰችው» አለች።

እንግዲህ ልማዴን ታውቂያለሽ፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ነገር አዛውሬያለሁ። ዶሮው መስሎሽ ይሆናል፤ አይደለም። ዶሮው በእውነት ወርዷል፤ አቶ ተካን ጠይቂ። ሕዝቅያስም በባዶ እግሩ ቆሟል፤ ሙጫውም እዚያው ነው። ያዛወርኩት ሻዩን ነው። አንዲት ቃል ብቻ ስለጠየቅሽኝ አሳዘንሽኝና።

በሩ አልተከፈተም። በየዓርቡ ሄጄ «ዙሌይካ፣ ያቺ የጌጫዋ ሴት እንዴት ናት?» እላለሁ። ከውስጥ ሳህን ሲቀመጥ ይሰማኛል፤ መልስ የለም።

ካልሲውን መልሰሽ ላኪልኝ። ክረምቱ ከብዷል፤ ደጇ ላይ ስቆም እግሬን ይበርደኛል።

አያትሽ ወልደጻድቅ